ቀሚስ መልበስ ቅጣት ነው ወይ? የአዋቂዎች ኮሚክ እየሣልኩ የገጠመኝ ጥያቄ

የኮዬ ሠዓሊ · ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሥራዬ ሥዕል ነው። የልጆች መጽሐፍ እሠራለሁ፣ የካፌ ግድግዳ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ውጭ ካሉ ደንበኞች በኮሚሽን የሚመጣውን በታብሌት እሠራለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ደንበኛ ጻፈልኝ። ሀበሻ ነው፣ ውጭ ነው ያደገው። የፈለገው የአዋቂዎች ኮሚክ ነው፣ 12 ገጽ፣ ንግግሩ በአማርኛ። ታሪኩ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ አርባን የዘለሉ ባልና ሚስት። እርቃን የሚባል ነገር የለበትም። ግን ፌቲሽ ነው፤ ማለትም የፍትወት ስሜቱ ከአንድ ልብስ፣ ዕቃ ወይም ጨዋታ የሚመጣ። ሚስትየው ታዛለች፣ ባልየው ይታዘዛል። የሷን የሀበሻ ቀሚስ ታስለብሰዋለች፣ ሻሽ ታስርለታለች፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ያፈላላታል፣ በመጨረሻ እግሯን ያጥባል። ደንበኛው በላከልኝ ማብራሪያ ላይ አንድ ቃል ደጋግሞ ነበር፦ «ይዋረድ»። ቀሚሱን ሲለብስ ይዋረድ። ቡናውን ሲቀዳ ይዋረድ።

ገጽ 5 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ነውር ስለሆነብኝ አይደለም፤ አዋቂዎች ተስማምተው የሚያደርጉት ነገር አያስደነግጠኝም። ያቆመኝ ቀሚሱ ነው። አይቼ ልሣለው ብዬ የራሴን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ወንበር ላይ አነጠፍኩት። እናቴ የሰጠችኝ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥለቱን ስሥል ቆየሁና አንድ ነገር መጣብኝ። ይኼን ልብስ እኔ ለፋሲካ ለብሼው ስወጣ ጎረቤት ሁሉ «አምሮብሻል» ይለኛል። እሱ ሲለብሰው ቅጣት የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? ቡናውስ? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እሷ ስትቀመጥ ወግ ነው፣ እሱ ሲቀመጥ ውርደት። ታዲያ ይኼ ሥዕል የሚያዋርደው እሱን ነው ወይስ እሷን?

ገንዘቡን ግማሽ ተቀብያለሁ። መመለስም እችላለሁ። ግን መጀመሪያ ነገሩን መረዳት ፈለግሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ፣ ያያችሁ ወይም ያሰባችሁበት ካላችሁ ጻፉልኝ።

ገላን ኮንዶ · ሰኞ ማታ 3፡51

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የልጅነት ሰፈሬ ነው ትዝ ያለኝ። ከድብድብ የሸሸ ልጅ ምን ይባል ነበር? «ሂድ ቀሚስ ልበስ»። አባቶቻችንም የፈራ ሰው ሲሰድቡ ያንኑ ነው የሚሉት። በተቃራኒው ጎበዝ ሴት ስናይ «ወንድ ናት» እንላለን። እኔ ራሴ ስለ እቴጌ ጣይቱ ሲወራ አንድ ትልቅ ሰው በአድናቆት «ወንድ ነበረች እኮ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ስለዚህ ደንበኛሽ ነውሩን ከሰማይ አላወረደውም። ከእኛው ስድብ ነው ያገኘው። ቀሚስ ልበስ የሚል ስድብ በሌለበት አገር ያ ኮሚክ ማንንም አያሞቅም።

የኮዬ ሠዓሊ · ሰኞ ማታ 4፡02

ልክ ነህ። ግን እኔም ያንኑ ስድብ በሚያምር ቀለም እየደገምኩት እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ጋሽ ቀለም · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ሥዕል አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ሰበታ ነው የምኖረው። ጠዋት ነው የማነበው።

የጠየቅሽው ነገር አዲስ አይደለም። የግሪኮቹ ሄርኩለስ፣ አንበሳ በእጁ ያነቀው ጀግና፣ በጥፋቱ ምክንያት ለልድያ ንግሥት ለኦምፋሌ ባሪያ ሆኖ ተሸጧል። ልብሳቸውን ተለዋወጡ ይባላል፤ እሷ የአንበሳውን ቆዳ ደረበች፣ እሱ የሴት ልብስ ለብሶ ሱፍ ፈተለ። ጀርመናዊው ክራናክ በ1537 እ.ኤ.አ. ሥሎታል፤ ሴቶች ከብበውት ነጭ ሻሽ ያስሩለታል፣ የፈትል እንጨት ያስይዙታል። ያቺ ያንቺ ሻሽ ናት። ከሱ ቀደም ብሎ በ1513 ሐንስ ባልዱንግ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ በእንጨት ቀርጾ ያተመው ሥራ አለ፤ ፊሊስ የምትባል ሴት ፈላስፋውን አርስቶትልን በእጅና በጉልበቱ አስኬዳ፣ ልጓም አግብታለት እንደ ፈረስ ትጋልበዋለች። ያኔ ለመቀጣጫ ነው የሣሉት፤ «ሴት ጠቢቡን እንኳ ታዋርዳለች፣ ተጠንቀቁ» ለማለት። ግን ሰዎች ለመቀጣጫ ብቻ አልገዙትም፣ ማየት ደስ ስለሚላቸውም ነው። ማስጠንቀቂያውና ደስታው ከጥንት አብረው ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ታላቁ ሰው ይገዝፋል፣ አሽከሩ ያንሳል። ሠዓሊው ሰውን የሚያከብረውና የሚያዋርደው በልብስ አልነበረም፤ በዓይንና በቁመት ነው። እና የምጠይቅሽ ይኼን ነው፦ የሰውየውን ዓይን እንዴት ሣልሽው?

የኮዬ ሠዓሊ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

ጋሼ፣ አሁን ከፍቼ አየሁት። በአምስቱም ገጽ ላይ አንድም ጊዜ ዓይኑን አልሣልኩትም። አቀርቅሯል፣ ወይ ሻሹ ሸፍኖታል፣ ወይ ከጀርባ ነው። ይኼን ደንበኛው አላዘዘኝም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

የሱሉልታዋ · ማክሰኞ ቀን 6፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ እንዲህ ዓይነት ሥዕል አልወድም፣ አልከፍተውምም። ግን ጥያቄው ከልብ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እግር ማጠብ በእኛ ዘንድ ቅዱስ ነገር ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ አልቅሼ አውቃለሁ። ያንን ከዚህ ጋር እንዳታገናኙት።

ይኼን ካልኩ በኋላ ስለ አያቴ ልንገራችሁ። የሰላሌ ሰው ነበረች። ወንዱ አያቴ ከእርሻ ሲገባ ሁልጊዜ ማታ ውኃ አሙቃ እግሩን ታጥበዋለች። ዝቅ ብላ ትስመዋለችም። እኛ ልጆቹ ፍቅር ነው እንል ነበር። ፍቅርም ይሆናል። ግን አሁን እናት ሆኜ ሳስበው፣ እሷን «ማጠብ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሱ የሷን እግር አጥቦ አያውቅም። በወሊድ እግሯ ያበጠ ጊዜ እንኳ ያጠበቻት እናቴ ናት። ይኼን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ግን የሠዓሊዋን ጥያቄ ካነበብኩ ጀምሮ የአያቴ ጀርባ ነው የሚታየኝ።

ገላን ኮንዶ · ማክሰኞ ቀን 7፡05

ማንም አላገናኘውም እህቴ፣ ተረጋጊ። ስለ አያትሽ የጻፍሽው ግን እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ለጥያቄው የቀረበው እሱ ነው። ኮሚኩ ውስጥ ሁለቱ ተስማምተው የሚጫወቱት ነገር በአያትሽ ቤት ሳይጠየቅ የሚደረግ የየዕለት ሥራ ነበር።

ሕግ ቤት · ማክሰኞ ቀን 8፡10

አጭር ነገር። ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 640 ጸያፍ ምስሎችን ማዘጋጀትን፣ መያዝን፣ ማሰራጨትን ይከለክላል። ሕጉ ንጹሕ የጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የሳይንስ ባሕርይ ያለውን ሥራ ለይቶ ያወጣል፤ ግን መስመሩን የሚወስነው ዳኛ ነው። ስለዚህ ገጾቹን እዚህ አትለጥፊ፣ ለጓደኛም አትላኪ። ሌሎቻችሁም ስለ ራሳችሁ ሕይወት ስትጽፉ ተጠንቀቁ፤ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግን ግንኙነት የሚቀጣው አንቀጽ 629 አሁንም በሥራ ላይ ነው። ጥበቡን ለመከራከር እኔ ባለሙያ አይደለሁም።

ስም የለኝም · ማክሰኞ ማታ 4፡48

ይኼን መልእክት ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ።

የምኖረው ከከተማው ዳር ነው፣ ሰፈሩን አልጠራም። ዕድሜዬ 34። በ«እኔ» ነው የምጽፈው፤ አማርኛ «እኔ» ሲሉት ጾታ አይጠይቅም። ሄድኩ፣ በላሁ፣ ፈራሁ፤ ማንም ይበለው አንድ ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ላይ ሲደርስ ነው ጣጣው።

ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለሁ እንደዚህ ዓይነት ሥዕል ኢንተርኔት ላይ አየሁ። አንድ ሰውዬ ተገድዶ ቀሚስ ለበሰ። ሁሉም ይስቁበታል። እኔ ግን ሳቁን አላየሁትም። ያየሁት መስተዋቱን ነው፤ በሥዕሉ ጥግ ላይ መስተዋት ነበር፣ ራሱን እያየ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ተገድዶ ነው የለበሰው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ፈልጎ ቢለብሰው ኖሮ እብድ ነው፣ ርጉም ነው፣ የናቱን ስም አሰድቧል። ተገደደ ሲባል ግን እጁ ንጹሕ ነው። ለእኔ ውርደቱ የመግቢያ ዋጋ ነበር። ከፍዬ ገባሁ፤ ውስጥ ስገባ ያገኘሁት ውርደት ሳይሆን ሰላም ነው።

ሠዓሊዋ፣ ቀሚሱ አንቺን ያዋርዳል ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አዎ፣ ሊያዋርድ ይችላል፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ግን በዚያው ሥዕል ውስጥ ቀሚሱን ከምንም በላይ የሚያከብር ሰው ተደብቆ ሊሆን ይችላል። የሚዋረደው የሚወደውን ነገር ለመንካት ሌላ መንገድ ስላጣ ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር፣ እንዳታምታቱት። እንዲህ ዓይነት ሥዕል የሚወድ ሁሉ እንደኔ አይደለም። ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፣ ወንድ ሆነውም ደስተኞች ናቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ቀሚሱን አውልቀው ሥራቸው ይሄዳሉ። ሥዕሉ አንድ ነው፣ ለሁለታችን የሚናገረው ግን ሌላ ሌላ ነው። ደንበኛሽ የትኛው እንደሆነ ከሥዕሉ አታውቂም። ጠይቂው።

ጎንደሬው ለገጣፎ · ማክሰኞ ሌሊት 5፡30

ስም የለኝም፣ የጻፍከውን አንብቤ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። «ተገድዶ ነው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም» ያልከው ነገር እኛ ቤት ነበር። ዛር ይባላል።

አክስቴ ዛር ነበረባት። ወንድ ዛር። ዛሩ ሲመጣ ድምፅዋ ይወፍራል፣ ራሷን እንደ ወንድ ትጠራለች፣ «ተቆጥቼ መጣሁ፣ እኔ ጌታው» ትላለች። የዛር ሰው እንደሚያውቀው በዛሩ የተያዘው ሰው «ፈረስ» ነው የሚባለው፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ጋሽ ቀለም አርስቶትል ተጋለበ ሲሉ እኔ አክስቴ ነች የታየችኝ። ባሏ በአዘቦት ቀን የሷን ቃል የማይሰማ ሰው፣ ዛሩ «ሽቶ አምጣ፣ ነጠላ ግዛ» ሲል ተነሥቶ ይሮጣል። ምክንያቱም ያለችው እሷ አይደለችም። ዛሩ ነው።

ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር መጥቶ ከአንዲት የዛር ባለቤት፣ መልካም አያሁ ከሚሏት ሴት ቤት ለወራት እየተመላለሰ ይኼንኑ መዝግቧል። በኋላ በ1958 ባሳተመው ጥናት ነገሩን ከቲያትር ጋር አያይዞ ነው የተነተነው። ውሸት ነው ለማለት አይደለም፤ የሚጫወተው ሰው ራሱም ከልቡ እንደሚያምንበት ገብቶታል። አክስቴም ከልቧ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ውስጥ ሴት ወንድ ትሆናለች፣ ታዛዥ አዛዥ ትሆናለች፣ ማንም አይጠይቃትም። ከእኛ ባህል ውጭ የመጣ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይኼን ያስቡ።

ስም የለኝም · ረቡዕ ጠዋት 12፡50

የኔም ሴት አያት ዛር ነበረባት ይላሉ። እንዲህ አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን፦ «አንተ» ባትለኝ ደስ ይለኛል። «አንቺ»ንም ገና አልለመድኩትም።

ጎንደሬው ለገጣፎ · ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ይቅርታ አድርጉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ነው የምልዎት። ታላቄ ባይሆኑም።

ፊደል ገበታ · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ይቺን ይቅርታ ሳነብ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። ሥራዬ ትርጉም ነው፣ ፊልም ላይ የሚወጣ ጽሑፍ እተረጉማለሁ። በየቀኑ የምታገለው ከዚህ ጋር ነው። አማርኛ ሌላ ሰው ስናናግር ጾታና ማዕረግ ሳንወስን ትንፍሽ አያስብለንም። «መጣህ» ወይስ «መጣሽ» ወይስ «መጡ»? አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። አሁን ልብ በሉልኝ፤ አንተና አንቺ ጾታ አላቸው። እርስዎ የለውም። እሳቸው የለውም። በቋንቋችን ሰው ከፍ ሲል ጾታው ይቀራል። ንግሥትም እሳቸው ናቸው፣ ንጉሥም እሳቸው ናቸው።

ደግሞ ሌላ አለ። እናቴ ታናሽ እህቴን ስታቆላምጣት «ና አባቴ፣ አንተ» ትላታለች። ወንዶች ጓደኛሞች ሲቀላለዱ «አንቺ» ይባባላሉ። ያው «አንቺ» በጠብ ሰዓት ለወንድ ከተባለ ደም ያፋስሳል። ቃሉ አንድ ነው። ፍቅር የሚያደርገውም ስድብ የሚያደርገውም የሚባለው ሰው ወዶታል ወይ የሚለው ነው።

ሠዓሊዋ፣ በኮሚኩ ውስጥ ሚስትየው ባልየውን ምን ብላ ነው የምትጠራው? እሱስ እሷን?

የኮዬ ሠዓሊ · ረቡዕ ቀን 5፡15

እሱ እሷን «እርስዎ» ነው የሚላት። እሷ እስከ ገጽ 5 «አንተ» ትለዋለች፣ ቀሚሱን ከለበሰ በኋላ «አንቺ»። ደንበኛው ነው እንዲህ ያለው። «ልበስ!» ትለዋለች፣ ይለብሳል፣ «አሁን ተነሺ» ትለዋለች። ሳስበው ያቺ «ተነሺ» ናት ከሁሉም ከባዷ። ስድብ ትሁን ሽልማት እኔም አላውቅም።

ቱሉ ዲምቱ ማዶ · ረቡዕ ማታ 2፡30

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ እበልጣለሁ። ልጄ ግራፊክስ ስለሚሠራ ነው እንዲህ ዓይነት ነገር የማውቀው። አንድ ቀን የፊንላንዱን ሠዓሊ ሥራ አሳየኝ፣ ቶም ኦፍ ፊንላንድ የሚባለውን። ቱኮ ላክሶነን ነው ስሙ፣ ከ1920 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፊንላንድ ጦር መኮንን ነበር፤ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ዩኒፎርምና ቆዳ የለበሱ ግዙፍ ወንዶችን ሣለ። አገሩ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹን ቴምብር ላይ አትማለች። ልጄ እንዳስረዳኝ፣ እንደሱ ወንድን የሚወዱ ወንዶች በየሥዕሉ እንደ ልፍስፍስ ሲሣሉ በነበረበት ዘመን እሱ ጠንካራና ፈገግ ያሉ አድርጎ ሣላቸው። ይኼ ይገባኛል። የተዋረደን ሰው ቀና ማድረግ ነው።

ግን ዩኒፎርሙ ለእኔ አይሆንልኝም። በ1970 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሌሊት በር ሲንኳኳ ዩኒፎርም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜን ይዘውት ሄዱ፣ አልተመለሰም። ለአንዱ ጨዋታ የሆነው የሥልጣን ምልክት ለሌላው የበር ድምፅ ነው። ሥዕሉ ይታገድ ማለቴ አይደለም። የምትሥሉ ልጆች የምትይዙት ዕቃ በማን ቤት ምን እንደሠራ እንድታውቁ ብዬ ነው።

የኮዬ ሠዓሊ · ረቡዕ ማታ 3፡10

ጋሼ፣ ስለ ወንድምዎ በጣም አዝናለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ስለ ዕቃው ያሉት ነገር እኔንም ገጥሞኛል። አምና ሌላ ደንበኛ መጥቶ ጥቁር ሴት በሰንሰለት ታስራ፣ ጫፉን ነጭ ሰው ይዞት እንድሥል ጠየቀኝ። ክፍያው ጥሩ ነበር። እምቢ አልኩ። በኋላ ሳነብ ይኼ ክርክር በሥነ ጥበብ ዓለም ለዓመታት እንደተካሄደ አየሁ። ሮበርት ሜፕልቶርፕ የሚባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1986 እ.ኤ.አ. የጥቁር ወንዶችን እርቃን ምስል በመጽሐፍ አወጣ፤ ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ። ግሌን ሊጎን የሚባል ጥቁር ሠዓሊ ደግሞ ከ1991 እስከ 1993 ባለው ጊዜ የመጽሐፉን ገጾች ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በመሀላቸው የብዙ ሰው አስተያየት ደረደረ፤ የሚያደንቅም፣ የሚቆጣም፣ ግራ የተጋባም። ፎቶውን አልቀደደውም፣ አልሸፈነውም። ተመልካቹ ብቻውን እንዳያየው አደረገ። ይኼ ዘዴ ነው የማረከኝ።

ጋሽ ቀለም · ሐሙስ ጠዋት 1፡05

ትናንት ማታ ሁለት ሥራዎችን ሳነጻጽር ነበር። እንግሊዛዊው አለን ጆንስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሦስት ቅርጾች ሠራ። ሴት እንደ ጠረጴዛ፣ ሴት እንደ ወንበር፣ ሴት እንደ ኮት መስቀያ። ሎራ መልቪ የምትባል ጸሐፊ በ1973 ሥራው ስለ ሴት ሳይሆን ስለ ወንድ ፍርሃት ነው የሚናገረው ብላ ተቸችው። በ1986፣ በዓለም የሴቶች ቀን፣ ለንደን ቴት ሙዚየም ውስጥ የነበረውን ወንበር ቀለም የሚያስለቅቅ ኬሚካል ደፍተውበት አበላሹት። ሁለተኛው የካትሪን ኦፒ ነው፤ በ1994 ራሷን ያነሣችው ፎቶ። ፊቷ በጥቁር ቆዳ ተሸፍኗል፣ ዓይኗ እንኳ አይታይም፣ ደረቷ ላይ ሰዎች የሚሰድቧት ቃል በስለት ተጽፏል። ላይ ላዩን ካየሽው ከጆንስ ወንበር የባሰ ነው። ግን ያነሣችውም፣ የተነሣችውም፣ ቃሉን የመረጠችውም እሷ ናት።

ስለዚህ ስለ ዓይን የነገርኩሽን ልክ አላደረግሁትም። ዓይን ሳይታይም ሰው ክብሩን ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። የጆንስን ወንበር «ልቀመጥብሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም።

ነርስ ከአያት · ሐሙስ ቀን 7፡40

ከሥራዬ ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ይኼን ልበል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሰዎች እንዲህ ያለ ስሜት ስላለባቸው ብቻ ታምሜያለሁ ብለው ተሸማቀው ሲመጡ አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የበሽታዎች መዝገብ ፌቲሽንና በፈቃድ የሚደረግ የበላይና የበታች ጨዋታን ከበሽታ ዝርዝር አውጥቷል። ጾታዬ ከተወለድኩበት ጋር አይገጥምም የሚል ሰውም በዚያው መዝገብ የአእምሮ ሕመምተኛ ተብሎ አይመዘገብም። በሽታ የሚባለው ፈቃዱን ያልሰጠ ሰው ሲነካ ወይም ሰውየው ራሱ በስሜቱ ሲሠቃይ ነው። ሠቀቀኑ ደግሞ ሰው ስለሚንቀው ብቻ የመጣ ከሆነ እንደ በሽታ አይቆጠርም።

«ፌቲሽ» የሚለው ቃል ራሱ ፖርቱጋሎች ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ላይ የሰዎችን የእምነት ዕቃ አይተው «አስማት» ሲሉ የጀመረ ነው። አልፍሬድ ቢኔ የሚባል ፈረንሳዊ በ1887 ነው ወደ ፍትወት ያዛወረው። የሌላውን ክቡር ዕቃ ባለመረዳት የተወለደ ቃል ነው።

የሱሉልታዋ · ሐሙስ ማታ 2፡15

አሁንም ሥዕሉን አልወደውም። ግን ስም የለኝም፣ እርስዎን ለማለት ያህል፦ ጽሑፍዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ውኃ አሙቆ ያመጣውን ልንገራችሁ አልንገራችሁ እያልኩ ነው። አጠበኝ። ሃያ ዓመት ስንኖር የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም አፈርን። ደስም አለን።

የኮዬ ሠዓሊ · ዓርብ ማታ 4፡00

ሁለት ቀን መብራት አልነበረም። ሌላ ሥራ ሲሆን ታብሌቱን ይዤ ካፌ እወርዳለሁ፤ ይኼን ግን ሰው መሀል አልከፍተውም፣ ስለዚህ ቆመ። ቆሞም ጠቀመኝ፣ ለደንበኛው ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩለት። ስለ ቀሚሴ፣ ስለ እናቴ በርጩማ፣ ስለ ዓይኑ። የእናንተን ታሪክ አልነገርኩትም። «ቀሚሱ ለምን ያዋርድሃል?» አልኩት። «ልትመልስልኝ ካልፈለግህ ገንዘብህን እመልሳለሁ።»

መልሱ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ልጥቀሰው ብዬ ፈቃዱን ጠይቄ አንዱን አረፍተ ነገር ብቻ ሰጥቶኛል፦ «ውርደቱን እፈልገዋለሁ፣ አታውጪብኝ፤ ግን የሚያዋርደኝ ቀሚሱ አይደለም፣ መጠየቁ ነው።»

እውነቱን ለመናገር የጠበቅሁት ሌላ ነበር። ውርደቱን ተይው የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አልተወውም። እንደ ስም የለኝም ዓይነት ሰው ይሁን፣ እንደ ሌሎቹ፣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ለመሣል ያንን ማወቅ አያስፈልገኝም።

ገጽ 5ን ከመጀመሪያው ሠራሁት። ዱሮ ሚስትየው ጣቷን ቀስራ «ልበስ!» ትል ነበር። አሁን እሷ ተቀምጣለች፣ ዝም ብላለች፣ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። የሚናገረው እሱ ነው። ተንበርክኳል፣ ግን ቀና ብሎ እያያት ነው፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። በንግግሩ ላይ የጨመርኩት አንዲት «ል» ብቻ ናት። «ልልበስ?»

ፊቱን ስሥለው እጄ ተንቀጠቀጠ። ትእዛዝ ሲቀበል ከሣልኩት ይልቅ ሲጠይቅ የሣልኩት በጣም የተጋለጠ ሰው ሆነ። ደንበኛው የሚፈልገው ውርደት እዚያ ውስጥ አለ፣ አልቀነሰም። እናቴ የሰጠችኝ ቀሚስ ግን ከቅጣቱ ወጥቷል። አሁን እሱ የሚለምነው ነገር ነው።

ፊደል ገበታ · ዓርብ ማታ 4፡22

«ልበስ» እና «ልልበስ»። ስንት ዓመት ስተረጉም አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም።

ጋሽ ቀለም · ቅዳሜ ጠዋት 1፡10

ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ከሆነ ጥለቱ ከላይ ይታይ፣ እጥፋቱን አትደብቂው። እጇንም ልብ በይ፤ ቀሚሱን ጨብጣው ከሆነ ከለከለችው፣ መዳፏ ተዘርግቶ ከላዩ ካረፈ ገና እያሰበች ነው።

ስም የለኝም · ቅዳሜ ጠዋት 2፡30

እሷስ ምን ብላ መለሰችለት?

የኮዬ ሠዓሊ · ቅዳሜ ጠዋት 2፡45

ገና አልጻፍኩትም። ዛሬ ማታ መብራት ካለ የምሠራው እሱን ነው። ጋሼ እንዳሉት መዳፏን ዘርግቼዋለሁ። «አንተ» ትበለው «አንቺ» አልወሰንኩም። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይወዱ ነበር?

ስም የለኝም · ቅዳሜ ጠዋት 3፡55

ስሙን ትጥራው። ስም ስጪው።